የአቤ ሐይቅ የድንጋይ ማማዎች

የአዋሽ ወንዝ በሚያበቃበት በረሃ፣ በኢትዮጵያና በጂቡቲ ወሰን፣ ከአቤ ሐይቅ ዳር የኖራ ድንጋይ ማማዎች ቆመው ይታያሉ። የተሠሩትም ሐይቁ ሰፊ በነበረበት ዘመን፣ ከሥሩ የሚፈልቀው ፍል ውሃ ያዘለው ካልሲየም ከሐይቁ ውሃ ጋር ሲዋሐድ ነው።

ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ደርቆ ነበር። ኋላ የምድር ምሕዋር ለውጥ የሰኔንና የሐምሌን ፀሐይ ስላበረታው የክረምቱ ዝናብ በዛ፤ ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊትም ውሃው ዛሬ ካለበት ከ150 ሜትር በላይ ከፍ አለ። ከ5,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ዝናቡ ሲመነምን ሐይቁ ሸሸ፤ ማማዎቹም በደረቅ ምድር ቀሩ።

እ.ኤ.አ. በ1960 የቆቃ ግድብ ከተሠራና መስኖ ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ ለሐይቁ መጉደል የሰው እጅ ተጨምሮበታል። ስለሆነም በአዋሽ ሸለቆ የመስኖ ፕላን የሚያወጣ ባለሙያ ሁሉ የወንዙን መጨረሻ ጭምር ሊያስብ ይገባዋል።