ዘግይቶ የመጣ ታዳጊ፦ ስካውት፣ ዕድሜና ደረጃ በሐዋሳ ፒያሳ

ስለ ስካውት የተጻፉ መመሪያዎች በአብዛኛው ልጁ ገና በሰባትና በስምንት ዓመቱ እንደሚመጣ ቆጥረው ይጀምራሉ። በዚያ ዕድሜ የገባ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ቃል ይገባል፣ ቋጠሮ ይማራል፣ ደረጃውንም ከዕድሜው ጋር እኩል ይወጣል። በሐዋሳ ፒያሳ የታዳጊዎች ቡድን ላቋቁም ብሎ የሚነሣ ሰው ግን ከፊቱ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ሌላ ልጅ ነው። ዕድሜው አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ነው፤ ከሲዳማ ገጠር ወይም ከወላይታ መጥቶ ሊስትሮ ይሠራል፣ ወይም ሶፍትና ማስቲካ ይዞ ጀብሎ ያዞራል፤ ቀን ሠርቶ ማታ የሚማርም አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ታናናሾቹ ሲሰለፉ ከዳር ቆሞ አይቶ ዝም ብሎ ሊሄድ ይችላል። ፍላጎት አጥቶ እንዳይመስለን። ከስምንት ዓመት ልጅ ጎን ቆሞ «ጀማሪ» መባል ያሳፍረዋል።

የዚህ መጣጥፍ ክርክር አንድ ነው። ዘግይቶ የመጣ ታዳጊ በቡድኑ ውስጥ የሚጸናው ይዞት የመጣው ችሎታ ከመጀመሪያው ቀን ሲመዘንለትና ለዕድሜው የሚመጥን እውነተኛ ሥራ ሲሰጠው ነው። ያልተማረው ነገር ይደርሳል፤ ክብሩ ግን አንድ ጊዜ ከተነካ ልጁ ተመልሶ አይመጣም።

በዕድሜ መከፋፈል ከስካውት ጋር አብሮ የተወለደ ነገር አይደለም። የስካውት መሥራች ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1907 በእንግሊዝ ብራውንሲ ደሴት ሃያ ያህል ልጆችን ይዞ ሲሰፍር፣ የታላላቅ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችና የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች በአራት ንዑስ ቡድኖች ተደባልቀው ነበር፤ ሁሉም ጀማሪዎች ነበሩ። ታናናሾቹ እኛም እንግባ ብለው ስላስቸገሩ እ.ኤ.አ. በ1916 ለእነሱ የሚሆን ክፍል ተከፈተ። ትልልቆቹ ደግሞ ካደጉ በኋላ ቦታ ስላጡ እ.ኤ.አ. በ1918 ሮቨር የተባለው የወጣቶች ክፍል ተጨመረ። ሁለቱም ክፍሎች የተፈጠሩት የነበረው ቅርጽ ያልበቃቸውን ልጆች ለመያዝ ነው። ቤደን ፓወል ለመሪዎች በጻፈው መመሪያም አንድ ልጅ ባጅ የሚገባው ምን ያህል ስላወቀ ሳይሆን ምን ያህል ስለተጋ መሆኑን አስረግጦ ጽፏል። ይህ ሐሳብ ዘግይቶ ለመጣ ልጅ ከየትኛውም ደንብ ይበልጥ ይጠቅማል። ግን በተግባር በደረጃ ሰንጠረዡ ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

ደረጃና ዕድሜ እንዴት እንደሚጋጩ የአሜሪካ ቦይ ስካውት ታሪክ በግልጽ ያሳያል። በዚያ አገር የመጨረሻው ደረጃ ንስር ስካውት ይባላል፤ 21 የክህሎት ባጆችን ይጠይቃል፣ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላውም መጠናቀቅ አለበት። ባጆቹን የሚተጋ ልጅ በአጭር ጊዜ ሊሰበስብ ይችላል። የማይታጠፈው ጊዜው ነው። አንደኛ ክፍል ከሚባለው ደረጃ በኋላ አራት ወር፣ ቀጥሎ ስድስት ወር፣ እንደገናም ስድስት ወር ማገልገል ግዴታ ነው፤ ድምሩ 16 ወር ይሆናል። ስለዚህ አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው አዲስ ገቢ ቢተጋም ባይተጋም አይደርስም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ልጃገረዶችን ወደዚህ ፕሮግራም መቀበል ሲጀምር ጉዳዩ አፍጥጦ መጣ፤ ለዘመናት በሩ ተዘግቶባቸው የቆዩ የ16 እና የ17 ዓመት ልጃገረዶች በአንድ ቀን መጡ። መልሱ ቀላል ነበር። 16 ዓመት አልፏቸው 18 ላልሞላቸው አዲስ ገቢዎች ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ 24 ወር ተሰጣቸው። ከባጆቹ አንዱም አልተቀነሰም፤ የአገልግሎት ወራቱም አልተነኩም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የመጀመሪያዎቹ ሴት ንስር ስካውቶች ሲመረቁ ቁጥራቸው ወደ አንድ ሺህ ይጠጋ ነበር፤ በተራዘመው ጊዜ የጨረሱም በመካከላቸው ነበሩ። መስፈርቱን ሳያረክሱ ሰዓቱን ማስተካከል እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በአገራችን መዘግየቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ስካውት ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች፣ በተለይም በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ይታወቅ ነበር። ከነጻነት በኋላ በትምህርት ቤቶች ሰፋ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን ተቋረጠ፤ የወጣቶች አደረጃጀትም በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ሥር ገባ። ዛሬ የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር በዓለም አቀፉ የስካውት ድርጅት ውስጥ ቢታቀፍም፣ መካከል ላይ የጠፋው ትውልድ መሪ ሊሆን ይገባው የነበረ ትውልድ ነው። አባቱ ስካውት የነበረ ልጅ እምብዛም ስለማይገኝ «ታላቅ ወንድሜ ነው ያስገባኝ» የሚል ቤተሰባዊ ሰንሰለት የለም። ያ ሰንሰለት በሌለበት አገር ዘግይቶ መግባት እንደ ልዩ ሁኔታ ሊታይ አይችልም። ደንቡ ራሱ እሱን አስቦ መነሣት አለበት።

ሐዋሳ ለዚህ አስተሳሰብ የቆየ የራሷ መሠረት አላት። የሲዳማ ሕዝብ የሉዋ ሥርዓት ዳራራ፣ ፉላሳ፣ ሂርቦራ፣ ዋዋሳና ሞጊሳ የተባሉ አምስት ምድቦች አሉት። አንድ ሰው የሚገባበት ምድብ በዋናነት የሚወሰነው በአባቱ ሉዋ ነው፤ የዕድሜ ቁጥሩ አይወስነውም። ሥርዓቱን ለዓመታት ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ጆን ሄመር በትውልድ ላይ የተመሠረተ አደረጃጀት መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ የተነሣ ታዳጊውም ጎልማሳውም በአንድ ሉዋ ሊገናኙ ይችላሉ፤ አንዱ በልጅነቱ ሌላው ጢም አብቅሎ ሥርዓቱን ይፈጽማል፤ ዘግይቶ የገባ ተብሎ የሚያፍር የለም። ሉዋን ወደ ስካውት እንቅዳ ማለቴ አይደለም፤ ሉዋ በዋናነት የወንዶች ሥርዓት ነው፣ ዓላማውም ሌላ ነው። ነገር ግን የፒያሳ ልጅ አያት «በዚህ ዕድሜህ ምን ልትጀምር?» የሚለውን ጥያቄ ላያውቁት ይችላሉ። ያን ጥያቄ ያመጣው የክፍል ደረጃ ያለው ትምህርት ቤት ነው።

ትምህርት ቤቱም ቢሆን መፍትሔ ሞክሯል። ስፒድ ስኩል የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሲዳማን ጨምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ከትምህርት የቀሩ ልጆችን ተቀብሎ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ትምህርት በ10 ወር አስተምሮ ወደ መደበኛው አራተኛ ክፍል ያሸጋግራል። የሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታትለዋቸው ብዙዎቹ በትምህርታቸው እንደጸኑ አረጋግጠዋል። ለስካውት መሪ እዚህ ያለው ትምህርት ከፍጥነቱ ይልቅ አቀማመጡ ነው። ትልቁ ልጅ መሠረቱን ከእኩዮቹ ጋር፣ ታናናሾቹ ሳያዩት፣ በዘፈንና በተግባር ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ በዕድሜው ከሚቀርቡት ጋር ይቀላቀላል። አሥራ አምስት ዓመት የሆነውን ልጅ ከትንንሾቹ ጋር አሰልፎ «ቀስ በቀስ ታድጋለህ» ማለት ይህን ሁሉ ልምድ መዘንጋት ነው።

መሠረት የሚባለው ነገር ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ ደግሞ ጉዳዩ ይገለበጣል። ቋጠሮ፣ እሳት ማቀጣጠል፣ ሜዳ ላይ ምግብ ማብሰል፣ አቅጣጫ ማወቅ፣ ሸክም ማሰር። ከእንሰት ደጅ ያደገ ልጅ ቃጫ ፍቆ ገመድ ገምዶ ጥጃ አስሮበታል፤ እርጥብ እንጨት በክረምት አቀጣጥሏል፤ ሐይቅ ዳር ያደገው አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ አጥማጆችን ሲረዳ መረብ ጠግኗል፣ ጉማሬ የሚወጣበትንም ሰዓት ያውቃል። እነዚህን ነገሮች ከመጽሐፍ ያነበበ መሪ ከልጁ ያነሰ ሊያውቅ ይችላል። ለዚህ ልጅ የመጀመሪያው ስብሰባ ትምህርት ሳይሆን ምዘና መሆን አለበት፤ ታቦር ተራራ ሥር ይወሰድ፣ ገመድና ክብሪት ይሰጠው፣ የቻለው ወዲያው ይመዝገብለት። የአገራችን የሙያና ቴክኒክ ሥርዓት በብቃት ምዘናው፣ ሰዉ ሲኦሲ በሚለው፣ በልምድ የተማረን ሙያተኛ መዝኖ ማረጋገጫ ይሰጣል። ለአናጢ የተፈቀደው ለታዳጊ የሚከለከልበት ምክንያት የለም። የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ቃል ኪዳኑ፣ ሰላምታው፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ፣ ካርታ ማንበብ።

ሥራ መስጠት ስል ግን ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ብዙ መሪዎች ትልቁን ልጅ ለማስደሰት ቶሎ ብለው በታናናሾቹ ላይ አለቃ ያደርጉታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ገና ያልታወቀ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በስምንት ዓመት ልጆች ላይ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም፤ በድንኳን ከእነሱ ጋር ሊያድርም አይገባም፤ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ሁልጊዜ በቦታው መኖር አለባቸው። ኃላፊነቱ በሥራ ላይ ይሁን። የምግብ ማብሰያውን፣ የድንኳኑን ዕቃ፣ የመጓጓዣ ሒሳቡን፣ የጉዞ መንገዱን ይያዝ። የመማር ሂደት ተመራማሪዎቹ ጂን ሌቭና ኤቲየን ዌንገር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ከወሰዷቸው ምሳሌዎች አንዱ የላይቤሪያ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። አዲስ ተማሪው ቁልፍ በመትከልና ጠርዝ በማጠፍ ይጀምራል፤ ጨርቅ መቁረጥ የመጨረሻው ነው። ነገር ግን ቁልፉ የሚተከለው ለደንበኛ በሚሸጥ እውነተኛ ልብስ ላይ ነው። ጀማሪውን በሙያው የሚያስገባው ይህ እውነተኛነት ነው። ለልጁ የተሰጠው ሥራ ካልተሠራ ቡድኑ ምሳ የማይበላ ከሆነ፣ ልጁ ጀማሪነቱን ይረሳል።

በፒያሳ ሌላም እንቅፋት አለ፤ ጊዜ። ሊስትሮ ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ነው። በሰው ቤት የምትሠራ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ካላት ዕረፍት እሑድ ከሰዓት ትገኝ ይሆናል፤ ያውም እመቤቷ ከፈቀዱ። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ፣ የወጣት ሠራተኛን የቀን ሥራ ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ ቢገድብም፣ የጎዳና ንግድና የቤት ሥራ ከዚህ ጥበቃ ውጭ ናቸው። ስለዚህ መሪው የስብሰባ ሰዓት ሲወስን ልጆቹን ይጠይቅ፤ ለልጃገረዶቹ ደግሞ ቤት ድረስ ሄዶ እትዬን ማነጋገር የመሪዋ ሥራ ነው። መለዮ ግዙ የሚል ቡድን እነዚህን ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ያጣል፤ ከስካርፉ በቀር ሌላው ይቆይ። ቋንቋውም አለ። በገጠር በሲዳምኛ የተማረ ልጅ ቃል ኪዳኑን በአማርኛ በተሰባበረ አነጋገር ሲል ታናናሾቹ ቢስቁበት ዳግም አይመጣም። ቃሉን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይግባ፤ የቃሉ ክብደት በዚያ አይቀንስም።

ብሔራዊው የወጣቶች ፖሊሲ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ወጣት ብሎ የተቀበለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በዚህ መለኪያ ፒያሳ ላይ ዘግይቶ መጣ የምንለው ልጅ ገና ወጣትነቱን መጀመሩ ነው። የስካውት ማኅበሩና የከተማው የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊዎች በሐዋሳ ቡድን ሲያደራጁ፣ በምዝገባ ቅጹ ላይ «ምን ትችላለህ? ምን ትችያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ከዕድሜ ጥያቄው በፊት ይጻፍ። የደረጃ ጊዜም ልጁ ከተመዘገበበት ቀን ይቆጠር።