የተን ግፊት፦ ኮልፌ ላይ ውሃ ለምን በ92 ዲግሪ ይፈላል?

የተጣደ ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨምሩበት ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ፣ በኮልፌ ክፍለ ከተማ አየር ጤናም ሆነ ቤቴል የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፤ በ92 እና በ93 መካከል ይፈላል። የባቄላ ንፍሮ የሚያዘገየውም ይኸው ነው።

ምክንያቱን የሚገልጸው ቃል በፊዚካል ኬሚስትሪ ትምህርት ቬፐር ፕሬዠር ይባላል፤ በአማርኛ የተን ግፊት እንበለው። «የእንፋሎት ግፊት» የሚሉም አሉ። ግን እንፋሎት ሲባል ከድስት የሚወጣው ትኩስ ጭስ መሰል ነገር ይታሰበናል፤ ተን በቀዝቃዛ ውሃ ላይም ዓይን ሳያየው አለ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከፈሳሹ የሚወጡትና ወደ ፈሳሹ የሚመለሱት ሞለኪዩሎች ሲመጣጠኑ ተኑ የሚያሳድረው ግፊት ነው የተን ግፊት የሚባለው። የውሃ የተን ግፊት በ20 ዲግሪ 17.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ በ80 ዲግሪ 355፣ በ100 ዲግሪ 760 ነው። ፈሳሽ የሚፈላው ይህ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ደግሞ 580 ገደማ ብቻ ነው። ከከተማው በስተምዕራብ ወጨጫ ተራራ አናት ላይ ውሃው በ89 ዲግሪ ግድም ይፈላል።

ለዩኒቨርሲቲ ላብ የሚመች ርካሽ ሙከራ አለ። ልክ የተሰመረበት ትንሽ ሲሊንደር በውሃ ይሞላና ጥቂት አየር እንደያዘ ቢከር ውስጥ ይደፋል። እስከ 80 ዲግሪ ከሞቀ በኋላ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የታፈነው ጋዝ መጠን በየዲግሪው ይነበባል። በመጨረሻ በበረዶ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ተኑ ከቁጥር የማይገባ ስለሚሆን፣ የቀረው አየር ብቻ ነው ተብሎ ይሰላል። ከጠቅላላው ግፊት የአየሩ ድርሻ ሲቀነስ የተን ግፊት ይገኛል።

ጠቅላላው ግፊት ግን ከባሮሜትር መነበብ አለበት። ከመጽሐፍ የለመደውን 760 የሚጽፍ ተማሪ ውጤቱ ሁሉ በ30 ከመቶ ገደማ ይጋነንበታል፤ 355 መሆን የሚገባው 465 ይሆናል። አሳሳቢው ነገር ስሕተቱ በቀላሉ አለመታየቱ ነው። የግፊቱን ሎጋሪዝም በኬልቪን ከተለካው ሙቀት ግልባጭ ጋር በግራፍ ሲያስቀምጥ፣ መስመሩ ከፍ ይላል እንጂ ያዘነበለበት ልክ አይለወጥም። አንድ ሞል ውሃ ለማትነን የሚፈጀው ከ40 ኪሎ ጁል ትንሽ የሚበልጥ ኃይል የሚሰላው ከዚሁ ዝንባሌ ስለሆነ ትክክል ይመጣል። ስለዚህ ሪፖርት የሚያርም መምህር ከግራፉ በፊት የባሮሜትሩን ንባብ ቢፈልግ ደግ ነው።

ጉዳዩ ከላብ ውጭም ክብደት አለው። በኮልፌ ክፍለ ከተማ እንደሚገኘው አለርት ባሉ ሆስፒታሎች መሣሪያ በእንፋሎት ሲመከን በተለምዶ 121 ዲግሪ ይፈለጋል፤ ለዚህም 205 ኪሎ ፓስካል ያስፈልጋል። በባሕር ወለል ከአየሩ ግፊት በላይ ያለውን ብቻ የሚያሳይ መለኪያ 103 ገደማ ሲያነብ ይበቃል። እዚህ ግን አየሩ የሚያዋጣው 77 ብቻ ስለሆነ፣ 103 ላይ የቆመ ማምከኛ ሙቀቱ 117 ዲግሪ አካባቢ ይቀራል። 121 ለመድረስ መለኪያው ወደ 128 ከፍ ማለት አለበት።