የላይኛው ከተማና የታችኛው መንደር፦ የሮማ ፍሳሽ ታሪክ

የሮማ ታሪክ በተወሳ ቁጥር የብዙዎቻችን ልቡና የሚያዘነብለው ወደ ዓምዶቹ፣ ወደ ቤተ መቅደሶቹና ወደ ድል በሮቹ ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ከድንጋዩ በታች የሚፈሰውን እንመለከታለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ከተማ እድፉን ከደጁ ሲያስወግድ፣ እድፉ ከማን ደጅ ይደርሳል? ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ክሎአካ ማክሲማ፣ ማለትም «ታላቁ የፍሳሽ ቦይ»፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት በታርኲን ነገሥታት ዘመን እንደተጀመረ የሮማ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በመጀመሪያ የፎሩምን ረግረግ የሚያደርቅ ክፍት ቦይ ነበር፤ ኋላ በድንጋይ ቅስት ተሸፈነ። ማርቆስ አግሪጳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ33 ዓመት ቦዮቹን አስጠርጎ በውስጣቸው በጀልባ እስከ ቲቤር ወንዝ እንደዘለቀ ካሲዮስ ዲዮ ጽፏል። ሥራው ድንቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ማስወገጃ እንጂ ማጣሪያ አልነበረም። ሮማ የጸዳችው ቲቤርን በማሳደፍ ነው።

በአንጻሩ ገጠሩ የራሱ ጥበብ ነበረው። በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ እርሻ የጻፈው ኮሉሜላ በማዳበሪያነት የሰውን እዳሪ ከወፍ ኩስ ቀጥሎ ይመድበዋል፤ ስድስት ወር የቆየ ሽንትም ለወይን ተክል እንደሚበጅ ያስተምራል። የጓሮ መሬቱን በፍግ የሚያለማው የአገራችን ገበሬ ይህን ምክር እንግዳ አይለውም። ለከተማው ጥራጊ የሆነው ለመንደሩ ሀብት ነበር።

ሮማ በ1870 ለተባበረችው ኢጣሊያ ከተገዛች በኋላ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ቲቤር ሞልቶ ከተማይቱን አጥለቀለቃት። ከ1876 ጀምሮ በወንዙ ግራና ቀኝ ታላላቅ ግንቦች ተሠሩ፤ በአጠገባቸውም ፍሳሹን ሰብስበው ከከተማው በታች የሚያራግፉ ቦዮች ተዘረጉ። አሳቡ ግን የጥንቱ ነበር፦ እድፉን ወደ ታች ማሳለፍ። ኢጣሊያ ውኃን ከብክለት የሚጠብቅ አጠቃላይ ሕግ ያወጣችው ገና በ1976 ነው።

የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1991 ባወጣው መመሪያ፣ 2,000 ሰው የሚያመነጨውን ያህል ፍሳሽ ያላቸው ሰፈሮች ሁሉ የፍሳሽ ቦይ እንዲኖራቸው ግዴታ ጣለ። ከዚያ በታች የሆኑት መንደሮች ከዚህ ግዴታ ውጭ ቀሩ። ኢጣሊያ ለትልልቆቹ ሰፈሮች እንኳ ግዴታዋን ባለመፈጸሟ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2012 ፈረደባት፤ በ2018ም 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣት። ወሰኑ ወደ 1,000 ዝቅ እንዲል የተወሰነው በ2024 ነው። እንግዲህ ከክሎአካ ማክሲማ እስከ ትንሿ መንደር ያለው መንገድ ከ2,500 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ይህ ትምህርት ለእኛም ነው። በ1886 የተቆረቆረችው አዲስ አበባ የቃሊቲን ማጣሪያ ኩሬዎች ያገኘችው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ጣቢያው በቅርብ ዓመታት ቢስፋፋም ለረጅም ዘመን የከተማይቱን እድፍ የተሸከመው የአቃቂ ወንዝ ነው። በዚሁ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጣው ከታች ያለው ገበሬ ነው፤ ወንዙም ወደ አዋሽ ይገባል። በተረታችን ጅብ ከላይ እየጠጣ ከታች ያለችውን አህያ «አታደፍርሽብኝ» እንዳላት ሁሉ፣ የከተማ ሰው አትክልቱ ተበከለ ብሎ ገበሬውን ሲወቅስ ይሰማል። የአህያዋም መልስ ይታወቃል፦ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ»።

መንደር የሮማን ዓይነት ቦይ አያሻትም። ዝቃጩ የሚዘቅጥበት ጉድጓድ፣ ቀጥሎም የተረፈውን ረቂቅ ተሕዋስያን የሚበሉበት የሸምበቆ መደብ ይበቃታል፤ ዝቃጩም በቂ ጊዜ ቆይቶ ከበሰለ በኋላ ወደ ማሳ ይመለሳል። የሥልጣኔ መለኪያው የቦዩ ስፋት ሳይሆን ከቦዩ በታች የሚኖረው ሰው የሚጠጣው ውኃ ነው እንላለን።