ሻፍት በሀገሩና ሻፍት በአፍሪካ

የሬኮና የይርጋ ጨፌ ቡና ተጭኖ የሚያልፍበት የዲላ መንገድ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ አዲስ አበባ ነው፤ ሁለተኛው ሞያሌ ነው። ወደ ሰሜን ቡናው ይሄዳል፤ ወደ ደቡብ ግን ከልዩ ልዩ አውራጃ የተነሡ ጐልማሶች ለደላላ ገንዘብ ከፍለው፣ ኬንያንና ታንዛንያን በስውር አቋርጠው፣ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ይጓዛሉ። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው «ሻፍት በአፍሪካ» የተባለውን የአሜሪካ ሲኒማ እንደ ተራ የጊዜ ማሳለፊያ ሊመለከተው አይችልም። ታሪኩ ስለ እንደዚህ ያለ ጉዞ ነውና፤ ከፊሉም የተነሣው በሀገራችን በኢትዮጵያ ምድር ነው።

ጆን ሻፍት የሚባለው የግል ወንጀል መርማሪ አስቀድሞ የታወቀው ኧርነስት ታይዲማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ባሳተመው ልብ ወለድ ነው። በማግሥቱ ዓመት ጎርደን ፓርክስ ወደ ሲኒማ አመጣው። ፓርክስ «ላይፍ» በተባለው መጽሔት ፎቶግራፎቹ ስሙን ያስጠራ ጥቁር አሜሪካዊ ነበረ። ሻፍትን ሆኖ የተጫወተው ሪቻርድ ራውንድትሪ ነው፤ ለሲኒማው ዜማ የደረሰው አይዛክ ሄይስም ስለ መዝሙሩ የኦስካር ሽልማት ተቀበለ።

የዚህ የፊተኛው ሲኒማ ብርታቱ ከቦታው የመጣ ነው። ሻፍት ከምድር በታች ከሚሄደው ባቡር ወጥቶ በኒው ዮርክ ጎዳና ሲራመድ፣ መኪናውን ሁሉ እየገፋ እንደ ባለ ርስት ያቋርጣል። ወሬ የሚለቅመው ከጋዜጣ ሻጭና ከጫማ ጠራጊ ቤት ነው። የሐርለም ወንበዴዎች አለቃ ባምፒ ጆናስ ልጁ ማርሲ በተሰረቀችበት ጊዜ ወደ እርሱ ቢመጣ፣ መርማሪው ሰውዬውን አይወደውም፤ ቢሆንም ሥራውን ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዚያው ሰፈር እውቀት የሚፈታ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ፣ የትኛው ቤት የማን እንደ ሆነ ሻፍት ያውቃል። በመጨረሻም ልጅቱን ከኢጣልያኖቹ ወንበዴዎች እጅ ያወጣት ዘንድ ከቤን ቡፎርድ ሰዎች ጋር ሆኖ ሆቴሉን ይሰብራል።

ፓርክስ ራሱ በ1972 ዓ.ም. ሁለተኛውን ክፍል ሠራ፤ ስለ እርሱ ብዙ የሚነገር የለም። ሦስተኛው፣ ማለት «ሻፍት በአፍሪካ»፣ በ1973 ዓ.ም. ሲወጣ ግን አዘጋጁ እንግሊዛዊው ጆን ጊለርሚን፣ ጸሐፊውም ስተርሊንግ ሲሊፋንት ሆኑ። ተጫዋቹና የመርማሪው ስም ብቻ ቀሩ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ራሚላ የሚባል አሚር ሻፍትን በግድ አስመጥቶ፣ ፈትኖ፣ ገንዘብም ሰጥቶ፣ አፍሪካውያንን ወደ አውሮፓ እያሻገሩ ጉልበታቸውን የሚበዘብዙትን ሰዎች እንዲያጋልጥ ይልከዋል። ቋንቋና ልማድ የምታስተምረው የአሚሩ ልጅ ዓለሜ ናት። አባትዬው በዓረብኛ ማዕረግ፣ ልጅቱ በአማርኛ ስም መጠራታቸው ያስገርማል፤ ጸሐፊው አፍሪካን ሁሉ እንደ አንድ መንደር ሳይቈጥር አልቀረም።

በምርመራ ጥበብ ከተመዘነ የኋለኛው ከፊተኛው እጅግ ያንሳል። ጠላቶቹ መርማሪው ገና ሳይነሣ መምጣቱን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሥራው መፈለግና ማግኘት ሳይሆን ከመገደል ማምለጥ ብቻ ይሆናል። በሐርለም አንድ ጥያቄ ጠይቆ ያገኘውን፣ በዚህ በበትር ውስጥ በተሸሸገ ፎቶግራፍ ማንሻ ይፈልጋል። የሚረግጠውንም ምድር አያውቀውም። (ለዓይነ ኅሊና የማይመች ትዕይንት በሁለቱም አለና፣ በዚህ በኩል አንዱን ከአንዱ ማስበለጥ አይቻልም።)

ነገር ግን የተነሣበት ጉዳይ ከፊተኛው ይከብዳል። ይህም ከባዶ የተፈጠረ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. መግቢያ፣ በፓሪስ አጠገብ በኦበርቪልዬ፣ ዐምስት አፍሪካውያን ሠራተኞች በታጐሩበት ቤት ብርድ ለመከላከል ባነደዱት እሳት ታፍነው ሞተዋል። ሲኒማው ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልካቹን ወደ ፓሪስ ወስዶ እንደዚያ ያለ ቤት ያሳየዋል። የነጋዴው የአማፊ ሸቀጥ በሰንሰለት የታሰረ ባሪያ አይደለም፤ ደመወዝ አገኛለሁ ብሎ ወድዶ የተነሣ ሰው ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ እንዲወጡ ደንግጋ፣ በ1934 ዓ.ም. ባርነትን ፈጽማ በሕግ ሽራ ነበር። ያ ሕግ የተጻፈው ሌላ ሰው ስለሚሸጠው ሰው ነው፤ ለመጫኛው ዋጋ ራሱ ስለሚከፍል ሰው ግን አዲስ ሕግ ያስፈልግ ነበር። አዋጅ ቍጥር 1178 በ2012 ዓ.ም. የወጣው በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን ለመከልከል ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር፣ ከማላዊ ወደ ሞዛምቢክ የገባ የጭነት መኪና በቴቴ ሲከፈት፣ በተዘጋው ሣጥን ውስጥ ከነበሩት 78 ኢትዮጵያውያን 64ቱ ሞተው ተገኙ።

ከሀገራችን ተዋንያን ደበበ እሸቱ በዚህ ሲኒማ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ተጫውቷል። ይኸው ተዋናይ ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ በ2014 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእስራኤል በተሠራው «ቀይ ቅጠሎች» በተባለው ሲኒማ፣ ሚስቱ ሞታበት ከልጆቹ ቤት ወደ ልጆቹ ቤት የሚዞር አንድ ሽማግሌ ስደተኛ ሆኖ ዋናውን ቦታ ይዟል። በዚያ ሲኒማ ስደተኛው ስም አለው፤ ቍጣም ኩራትም አለው፤ ልጆቹ ዐማርኛውን ሲረሱበት ያዝናል።

በ«ሻፍት በአፍሪካ» ይህ ጐደለ። በፊተኛው የተሰረቀችው አንዲት ልጅ ናት፤ ስሟን እናውቃለን፤ አባቷ በመርማሪው ፊት ሲያለቅስ አይተናል። በኋለኛው የሚሻገሩት ብዙ ናቸው፤ ሻፍት ከእነርሱ ጋር ይጓዛል፤ ከመካከላቸው ግን ከየት እንደ ተነሣና ማን እንደሚጠብቀው የተነገረን ሰው የለም።