የጃፓን ሕዝብና የሥጋ መብል

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክት ወደ ጃፓን ሄደው ከተመለሱ ወዲህ የዚያች አገር ወሬ ለአንባቢያችን እንግዳ አይደለም። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ገበታዋ ነው፤ የሰው አምሮት ከሆዱ ብቻ የሚነሣ ሳይኾን በጆሮውም የሚገባ መኾኑን ይህ ታሪክ ያስረዳልና። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ የላም፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የጦጣና የዶሮ ሥጋ ከአራተኛው ወር እስከ ዘጠነኛው ወር ፍጻሜ እንዳይበላ በአዋጅ ከለከለ። የቡድሃ ሃይማኖት ነፍስ ያለውን መግደል ይነቅፋል፤ ወራቱም ሩዝ የሚዘራባቸውና የሚታረምባቸው ነበሩ። ከእርሱ በኋላ የነገሡትም ክልከላውን ስለ ደጋገሙት፣ የከብት ሥጋ መብላት ለብዙ መቶ ዓመታት ነውር ኾነ። አምሮት ግን በአዋጅ ፈጽሞ አይሞትም፤ ስሙን ለውጦ ይወጣል። የዱር እሪያ ሥጋ የሚሸጡ ሰዎች «የተራራ ዓሣ አንበሪ» ብለው ጠሩት፤ ዓሣ አልተከለከለምና። የበሬ ሥጋም መድኃኒት ነው እየተባለ ይበላ ነበር። እኛ በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ የምንለውን እነርሱ በሥጋ ቤት ደጅ አገኙት።

በ1868 የሜጂ መንግሥት በተነሣ ጊዜ ግን ቃሉ ተገለበጠ። የአውሮፓ ሰዎች ቁመትና ጕልበት ከሥጋና ከወተት የተገኘ መስሎ ታያቸው። ፉኩዛዋ ዩኪቺ የተባለው ታላቅ ሊቅም በ1870 ስለ ሥጋ መብል ጥቅም ድርሳን ጻፈ። ድርሳኑን የጻፈው ሥጋና ወተት ለሚሸጥ ማኅበር ነበር፤ በጽኑ ታሞ ሳለ ከዚህ ማኅበር ወተት እየመጣለት ይጠጣ ነበርና፣ ውለታውን በብዕሩ መለሰ። ከዚህ ላይ ጥቂት መቆም ይገባል። ነጋዴ ዕቃዬ መልካም ነው ቢል ሰሚ ይጠረጥረዋል፤ ሊቅ ሲናገርለት ግን ማስታወቂያው ትምህርት ይመስላል። በፉኩዛዋ አልፈርድበትም፤ ያመነበትን ጽፏልና። ነገር ግን አንባቢው ትምህርቱን ከንግዱ በምን ይለየው ነበር?

በ1872 ንጉሠ ነገሥቱ የበሬ ሥጋ መብላቱ በጋዜጣ ተነገረ። ከሺሕ ዓመት በላይ የቆየው ነውር በአንድ ገበታ ወሬ ተናወጠ። በከተማውም የበሬ ሥጋ በድስት እየቀቀሉ የሚያቀርቡ ቤቶች በዙ። ካናጋኪ ሮቡን የተባለ ደራሲ በ1871 በማሳተም በጀመረው መጽሐፉ፣ በእነዚህ ቤቶች ተቀምጠው ሥጋ በመብላታቸው የሠለጠኑ የሚመስላቸውን ደንበኞች ጽፎ አንባቢን አሳቀባቸው።

ሦስተኛው ቃል የነጋዴ ነው። ኬንታኪ የሚባለው የአሜሪካ የዶሮ ጥብስ ኩባንያ በ1970 ጃፓን ገባ፤ በ1974ም «ለልደት ኬንታኪ» የሚል ማስታወቂያ በአገሩ ኹሉ አስነገረ። ኩባንያው ሲተርክ፣ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ ያጣ አንድ የውጭ አገር ሰው ልደትን በዚህ ጥብስ ላከብር ነው ማለቱ ምክንያት ኾነ ይላል። በጃፓን ክርስቲያኖች ከመቶ አንድ ያህል ናቸው፤ ልደትም የሥራ ቀን ነው። በእኛ ዘንድ የፋሲካ ዶሮ ወጥ የሚጣፍጠው 55 ቀን ጾም ስለሚቀድመው ነው፤ በዚያ ግን ጾሙ ሳይኖር ፍስኩ መጣ። ዛሬ ብዙ ቤተ ሰብ ዶሮውን አስቀድሞ ያዝዛል፤ ዲሴምበር 24 ማታም በሱቁ ደጅ ረጅም ሰልፍ ይታያል። በደጁ የሚቆመው የኩባንያው መሥራች ሐውልት፣ ባለ ነጭ ጢሙ ሽማግሌ፣ በዚያ ሰሞን የገና አባት ቀይ ልብስ ይለብሳል።