የሕዋስ ሐረግ

በዳሞታ ተራራ ሥር፣ ወላይታ ውስጥ እንሰት ሲራባ ያየ ሰው የዛሬውን ቃል ግማሹን ያውቀዋል። ገበሬው ለጋ እንሰት ይነቅላል፤ ግንዱን ይቆርጣል፤ የአሚቾውን (ከመሬት በታች ያለውን ወፍራም ክፍል) መካከል ፍቆ ቡቃያውን ያወጣና ፍግ ባለበት ጉድጓድ ይቀብረዋል። ወራት ሲያልፉ በአንዱ አሚቾ ዙሪያ ብዙ ችግኝ ይፈላል። ዘር አልተዘራም። ችግኞቹ በሙሉ የዚያው እንሰት ቅጂ ናቸው። አንድ የእንሰት ዓይነት ስሙንና ጠባዩን ይዞ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፈውም ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው እንሰት ተፍቆ ቆጮ ከሆነ ስንት ዘመን ቢያልፍም።

ተመራማሪዎች «ሴል ላይን» የሚሉት ነገር የዚህ ዘመድ ነው። ከአንድ ሰው ወይም እንስሳ የተወሰዱ ሕዋሳት ከአካል ውጭ፣ በብልቃጥ ውስጥ፣ እየተከፋፈሉ ለዓመታት ሲቀጥሉ ከእነሱ የሚወርደው ትውልድ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ቃል በቃል «የሕዋስ መስመር» ማለት ይቀናል። እኔ ግን «የሕዋስ ሐረግ» ብንለው እመርጣለሁ። መስመር ሲባል የሚታየን በማስመሪያ የተሰመረ ነገር ወይም የስልክ ሽቦ ነው፤ ትውልድ የለበትም። ሐረግ ሲቆጠር ግን የሚሰማ ሁሉ ወዲያው «ከማን?» ብሎ ይጠይቃል። ሐረግ በሰዋስው ሌላ ትርጉም እንዳለው አውቃለሁ፤ «የሕዋስ» የሚለው ከፊቱ ከገባ ግን የሚያደናግር አይመስለኝም።

የደም ካንሰር፣ ማለትም ሉኪሚያ፣ ምርምር ያለነዚህ ሐረጎች እዚህ አይደርስም ነበር። ጤነኛ ሕዋስ ከአካል ወጥቶ የሚከፋፈለው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ይቆማል። ከታማሚ የተወሰደ የሉኪሚያ ሕዋስም አብዛኛውን ጊዜ በብልቃጥ ውስጥ አይቆይም። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ይይዛል። በአሜሪካ ቴነሲ ካርመን ሎዚዮና ቢስማርክ ሎዚዮ በ1975 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያስተዋወቁት ኬ562 ከነዚህ አንዱ ነው። ምንጩ ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ ይዟት መጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰች የ53 ዓመት ሴት ናት፤ ሕዋሳቱ የተገኙት በሳንባዋ ዙሪያ ከተቋጠረው ፈሳሽ ነው። ዛሬም በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ የላም ፅንስ ሴረም በተጨመረበት ፈሳሽ ምግብ እየኖሩ በአንድ ቀን ገደማ እጥፍ ይሆናሉ። ለነገ የሚቀመጡት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይተኛሉ። ይቺን ሴት ሳላስብ ስለ ኬ562 ማንበብ አልችልም።

የዚህ ሉኪሚያ መለያ በ1960 በፊላዴልፊያ የታየ አጭር ክሮሞሶም ነው። ጃኔት ራውሊ በ1973 ምክንያቱን አገኘች፤ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ተለዋውጠዋል። በመጋጠሚያው ላይ የሚፈጠረው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ ጂን ሕዋሱን ያለማቋረጥ «ተከፋፈል» የሚል ፕሮቲን ያሠራል። ብራያን ድሩከርና ባልደረቦቹ በ1996 ይህን ፕሮቲን የሚያፍነው ውሕድ ጂኑን የተሸከሙ ሐረጎችን እንደሚገታ፣ ጂኑ የሌላቸውን ግን እንደሚተው አሳዩ። ውሕዱ ኢማቲኒብ ተባለና በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታማሚዎች በእርዳታ ፕሮግራም በነጻ ሲወስዱት የቆዩት እንክብል ይኸው ነው።

ያም ሆኖ የሕዋስ ሐረግ የበሽታው አምሳያ እንጂ በሽታው አይደለም። የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞሶም ሲኖረው የኬ562 ከ60 በላይ ነው፤ በብልቃጥ ኑሮ ብዙ ተለውጧል። በዙሪያው መቅኔ የለም፤ መድኃኒቱን የሚያጣራ ጉበት፣ የሚጎዳ ነርቭ የለም። ስለዚህ «የእንትን ቅጠል ጭማቂ የሉኪሚያ ሕዋስ ገደለ» የሚል ዜና ስንሰማ ብንረጋጋ ይሻላል። አልኮልም በብልቃጥ ውስጥ ሕዋስ ይገድላል።

ይህን የሚያስረዳ ታሪክ ከራሳችን ቁጥቋጦ አለ። ከአጣጥ ወገን የሆነ፣ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ተክል አሜሪካ ተወስዶ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ በ1972 ሜይታንሲን የተባለ ውሕድ አወጡለት። ጽሑፋቸው በርዕሱ ላይ ፀረ-ሉኪሚያ ብሎ ጠራው፤ ፒ388 እና ኤል1210 የተባሉ የአይጥ ሉኪሚያዎችን ገትቶ ነበርና። ወደ ሰው ሲደርስ ግን ነርቭና ሆድ ዕቃ ጎዳ፤ ሙከራው ተተወ። ጥቂት ተለውጦ፣ ብቻውን ሳይሆን ከፀረ-እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ፣ ዒላማው ሕዋስ ውስጥ ብቻ እንዲፈታ ተደርጎ ሲመለስ ዘመኑ 2013 ሆኗል፤ ያውም ለጡት ካንሰር።

ወላይታ ውስጥ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ያለበትን ተክል የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን እንዳይነካ በእሳት ይለበለባል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ አንዲት ጠብታ ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው ካለፈች ፈጣኑ ሕዋስ ዝግተኛውን ውጦ በስሙ መኖር ይጀምራል። የጀርመን የሕዋስ ማከማቻ ተመራማሪዎች የሉኪሚያና የሊምፎማ ሐረጎችን ሲፈትሹ 15 በመቶ ገደማው ከተባለው ሰው የመጡ አልነበሩም። አሁን ጥንቁቅ ቤተ ሙከራ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሕዋሱን ዲኤንኤ መለያ ከተመዘገበው ጋር ያመሳክራል።

ሜይታንሲንም ከአይጦቹ ሌላ የተፈተነው ኬቢ በሚባል የሰው ሐረግ ላይ ነበር፤ ከአፍንጫ በስተጀርባ ከሚወጣ ካንሰር የመጣ ነው እየተባለ። ኋላ ሲመረመር ግን ሔላ ሆኖ ተገኘ፤ በ1951 ከሄንሪየታ ላክስ የማኅፀን በር ካንሰር የተወሰደው ሐረግ።