የጓዳ ታሪክ

ታሪክ ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው ነገሥታትንና ጦርነትን ነው። የጓዳንም ታሪክ ብንመረምር ግን የምንማረው አናጣም።

በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ በሸልቢቪል ከተማ ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ጆሴፊን ኮክሬን፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ባላቸው ዕዳ ትተውባቸው ቢሞቱ፣ ያሰቡትን የሳሕን ማጠቢያ መኪና ለመፈጸም ቆርጠው ተነሡ። በ1886 የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። ሳሕኖቹ በልካቸው በተሠራ የሽቦ መደርደሪያ ተቀምጠው ትኩስ የሳሙና ውሃ በኃይል ይረጭባቸው ነበር። መኪናውም በ1893 በቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ተሸለመ። ወይዘሮዋ በ1913 ዐረፉ፤ በ1926 ሆባርት ኩባንያ ድርጅታቸውን ገዛ፤ በ1949ም ኪችንኤይድ የተባለውን የቤት መኪና አወጣ።

ዛሬ እነዚህን አሮጌ መኪናዎች ከወዳደቁበት አንሥተው የሚያድሱ ሰዎች አሉ። ዝገቱን ይፍቃሉ፤ የደረቀውን ጎማ ይለውጣሉ፤ ሞተሩን ፈትተው ይገጥማሉ፤ ከዚያም የዕለት ሳሕናቸውን ያጥቡበታል። አሮጌው ከአዲሱ ይልቅ ብዙ ውሃ ይፈጃልና የሚነቅፏቸው ሰዎች እውነት አላቸው። ሆኖም በሙዚየም የቆመ መኪና መልኩን ብቻ ያሳየናል፤ የሚሠራው ግን የፈጣሪውን አሳብ ይነግረናል። የእጅ ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ፣ መጽሐፍ ብቻውን ሊያቆየው አይችልም።